ሊኑክስ ደሴ ኮፒ ቤት ሲገባ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ኮፒ ቤት በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ከአራት ኮምፒውተሮቹ ሦስቱን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ቀየረ። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ፣ ግን በነፃ የሚገኝ ሲስተም ነው። ክረምት ሳይገባ አንዱ ተመልሶ ዊንዶውስ ሆነ። ሁለቱ ግን አሁንም ሊኑክስ ናቸው። ስለዚህ ቤቱ ዛሬ ሁለት በሁለት ነው። እንዲህ ይሁን ብሎ ያቀደ ሰው የለም። የኮፒ ቤቱን ሴት ባለቤት፣ ጸሐፊዋንና ቴክኒሻኑን በየተራ አነጋግሬ ነው ይሄን የጻፍኩት። ስማቸውን አልጠቅስም። ደሴ ላይ ሰው ለሰው ይተዋወቃል።

ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት ፎቶኮፒ ማሽን፣ አንድ ሌዘር ፕሪንተር፣ አራት ዴስክቶፕ አለው። ጠዋት ማመልከቻ የሚያስጽፍ ይመጣል። የቤት ኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ይሠራል። ከሚያዝያ በኋላ ደግሞ የሪሰርች ወቅት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ስለሆነ ተመራቂው ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይሰለፋል። የቤቱ የዓመት ትርፍ አብዛኛው የሚገኘው ከዚያ አጭር ወቅት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ የቀድሞዎቹ ጠፍተዋል። ባለቤቷ ከዜሮ ስትጀምር ከአዲስ አበባ ያገለገሉ ዴስክቶፖች አስመጣች። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ሃርድ ዲስክ። የተጫነባቸው ዊንዶውስ 10 ነበር፣ ያውም ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ የተጫነ።

በዚያ ላይ የጊዜ ገደብ መጣ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነፃ የደህንነት ማስተካከያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 እንደሚያቆም ካስታወቀ ቆይቶ ነበር። በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 መሆኑ ነው። ወደ ዊንዶውስ 11 እንሂድ ቢባል፣ እሱ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ከኢንቴል ኮር ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። የቤቱ ኮምፒውተሮች አራት ትውልድ ይጎድላቸዋል። በጓሮ በር የሚያስገቡት እንዳሉ አውቃለሁ፣ ግን ያ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ቴክኒሻኑ ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው፣ ኮምፒውተርም የተማረው እዚያው ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ቀን ቀን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ ወጥቶ የሰው ኮምፒውተር ይጠግናል። ለባለቤቷ የሰፈር ልጅ ነው፤ እሷ "ልጄ" ትለዋለች፣ እሱ "እትዬ" ይላታል።

"እትዬ፣ ይሄ ሲስተም ቫይረስ የሚባል አያውቅም" አላት።

"ፓወር ግዕዝስ ያውቃል?" አለችው፤ ጸሐፊዋ አማርኛ የምትጽፍበትን ፕሮግራም ማለቷ ነው።

"ቀስ ብለን እናለማምደዋለን።"

ባለቤቷ ኮምፒውተር ተምራ አታውቅም። ጥያቄዋ ግን ቦታውን አግኝቶ ነበር። መልሱ እሷን ስላላሳመናት አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። ፕሪንተሩ የተሰካበት ኮምፒውተር እንዳይነካ። በኋላ ቤቱን ያተረፈው ይሄ ነው።

ቴክኒሻኑ ካለው ብዙው እውነት ነበር

ለሊኑክስ የሚገባውን እንስጠው። የተጫነው ሊኑክስ ሚንት 22 ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለው ዓይነት። የደህንነት ማስተካከያው እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ይቀጥላል። ነፃ ነው፣ ክራክ የሚባል ነገር የለውም። ክራክ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ብዙው ክራክ ሥራውን የሚጀምረው "መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ" ብሎ ነው። ሌባ በር ክፈቱልኝ ሲል መክፈት ማለት ነው።

ፍጥነቱም ታየ። በ4 ጊጋ ራም ዊንዶውስ 10 ሁለት ነገር ከተከፈተበት ሃንግ ያደርግ ነበር። አዲሱ ግን በዚያው አሮጌ ማሽን ተንቀሳቀሰ። አፕዴት ራሱ አያስቸግርም፤ ሰው ቆሞ ሳለ "እባክዎ አያጥፉ" ብሎ መቶኛ መቁጠር የለም። መብራት ባልተጠበቀ ሰዓት በሚጠፋበት ከተማ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ትልቁ ድል ግን በፍላሽ ነው የመጣው። ለኮፒ ቤት ከፍላሽ የከፋ ጠላት የለውም። ደንበኛው ፍላሹን ሲሰካ ፋይሎቹ የሉም፣ በቦታቸው ሾርትከት ተደርድሯል። ሾርትከቱን ሲጫኑት ፋይሉ ይከፈታል፣ ቫይረሱም አብሮ ይነሳል። ከዚያ በኋላ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይለከፋል። ደንበኛውም ቤቱ ሄዶ "እነሱ ጋ ነው ያስያዙኝ" ይላል።

ይሄ ቫይረስ እንደ ደንቡ ፋይል አያጠፋም። የሚያደርገው "ድብቅ" የሚል ምልክት መለጠፍ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ፋይሉን ሁሉ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። ዊንዶውስ ያን ምልክት ያከብራል፣ ሊኑክስ ከቁብም አይቆጥረው። ስለዚህ ያው ፍላሽ ሊኑክሱ ላይ ሲሰካ የጠፋው ፋይል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቫይረሱም ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ አይነሳም፣ ይሰረዛል፣ አለቀ። ወሬው ቶሎ ወጣ። "ፋይሌ ጠፋብኝ" የሚሉ ሰዎች ከሌላ ሰፈር ሳይቀር መምጣት ጀመሩ። ባለቤቷ መጀመሪያ በነፃ ነበር የምታየው፣ በኋላ ዋጋ አወጣችለት።

ቴክኒሻኑ በዚህ ወቅት በጣም ደስ ብሎት ነበር። የሚያወራውም ስለ ሱፐር ኮምፒውተር ነበር። እውነቱን ነው፣ ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2017 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ያሉት 500 ፈጣን ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ጸሐፊዋ ይሄን ሲነግራት "እነሱ ማመልከቻ አይጽፉም" አለችው።

ፊደሉ ላይ ሲደርስ

ጸሐፊዋ ከአሥር ዓመት በላይ በፓወር ግዕዝ ጽፋለች። ኪቦርዱን አታየውም። ደንበኛ ታሪኩን እየነገራት፣ እሷ "ለክቡር ፍርድ ቤቱ" የሚለውን ጨርሳ "እሺ ቀጥል" ትላለች። ፓወር ግዕዝ ደግሞ ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም ነው።

ሊኑክስ አማርኛ አይጽፍም ማለቴ አይደለም። ይጽፋል፣ ያውም ከአንድ በላይ አማራጭ አለው። ቴክኒሻኑ የጫነላት በላቲን ድምፅ እየተከተለ የሚጽፈውን ነው። አብዛኛው ቁልፍ ይገመታል። የማይገመተው ግን ጣትን ያሰናክላል። ለምሳሌ እዚያ ሸ የምትጻፈው በኤክስ ነው። ጸሐፊዋ የለመደችው ሌላ ነበር። ለጀማሪ በሳምንት የሚለመድ ነገር ነው። ጣቱ ለለመደ ሰው ግን መጀመሪያ መርሳት አለበት፣ መርሳት ደግሞ ከመማር ይከብዳል።

ይሄም ሆኖ ትለምደው ነበር ብዬ አምናለሁ። ያልተቻለው የድሮው ፋይል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ሊኑክስ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሮ ሲገባ የሚጋጨው ከዚህ ጋር ይመስለኛል።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደሎች የቁጥር ሰንጠረዥ 3.0 እትሙ ሲወጣ። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደሉን የሚያስቀምጡበት ቦታ አልነበራቸውም። ስለዚህ በላቲን ፊደሎች ቦታ አስቀመጡት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አንድ የላቲን ፊደል ነው፣ ፎንቱ ግን በዚያ ቦታ "ለ"ን ይስላል። ፊደላችን ብዙ ስለሆነ አንዳንዶቹ ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈሉት። በዘመኑ ብልሃት ነበር፣ ስንት ጋዜጣና ስንት መጽሐፍ በዚያ ታትሟል። ችግሩ ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ልማዱ ቀጠለ። ዛሬም ከየመሥሪያ ቤቱና ከየጠበቃው የሚመጣ ፋይል ውስጥ የዚያን ዘመን ፎንት ታገኛላችሁ።

አንድ ቀን አንድ ጠበቃ የሽያጭ ውል ናሙና በፍላሽ ይዘው መጡ። ስምና ቀን ብቻ እንዲቀየርላቸው ነው። ፋይሉ ሊኑክሱ ላይ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆነ። ጠበቃው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው "ኮምፒውተራችሁ ፈረንጅ ሆነ እንዴ?" አሉ። ጸሐፊዋ ወደ ዊንዶውሱ እንዳትወስደው እዚያ ወረፋ አለ። ጠበቃው ጥቂት ቆመው ወደ ቀጣዩ ኮፒ ቤት ሄዱ።

ቴክኒሻኑ ቅዳሜ መጥቶ የድሮዎቹን ፎንቶች ሊኑክሱ ላይ ገለበጠ። ፋይሉ ተነበበ። ማንበብ ግን አንድ ነገር ነው። በዚያ ፎንት አንድ ቃል ለማረም ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራው መጻፊያ ያስፈልጋል። ኮፒ ቤት ደግሞ ሰው የሚመጣው ሊያነብ አይደለም።

የሪሰርች ወቅት

ግንቦት ላይ ተማሪዎቹ መጡ። ሁሉም የጻፉት በማይክሮሶፍት ወርድ ነው። ሊኑክሱ ላይ ያለው ሊብሬኦፊስ ነው። ሊብሬኦፊስ የወርድ ፋይል ይከፍታል፣ ደብዳቤና ማመልከቻ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ሪሰርች ላይ ግን ይታያል። ማውጫ፣ ሰንጠረዥ፣ የግርጌ ማስታወሻ፣ በምዕራፍ የሚቀያየር የገጽ ቁጥር አለው። በዚያ ላይ ፎንቱ። ታይምስ ኒው ሮማን ከሌለ ሊብሬሽን ሰሪፍ ይተካዋል፣ እሱ ስፋቱ እኩል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ መስመር አያዛባም። የአማርኛው ፎንት ግን እንዲህ ዓይነት ምትክ የለውም። ኒያላ በተባለው ፎንት የተጻፈ የአማርኛ መጠይቅ በሌላ ፎንት ሲተካ መስመሩ ይረዝማል ወይ ያጥራል። ከዚያ ሰንጠረዡ ለሁለት ገጽ ይሰነጠቃል። ማውጫው 41 ያለው 43 ላይ ይገኛል።

አንድ ተማሪ ሊኑክሱ ላይ የተዘጋጀውን ሙሉውን አሳትሞ፣ አስጠርዞ ቢያስገባ አማካሪው መለሱለት። በማግስቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ባለቤቷ ከኪሷ አውጥታ፣ ፋይሉን ዊንዶውሱ ላይ አስከፍታ በድጋሚ አሳተመችለት። ቴክኒሻኑ በስልክ ሲነገረው ጥፋቱ የሊኑክስ እንዳልሆነ አስረዳ። የሊብሬኦፊስ ፋይል ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ያገኘ ክፍት ቅርጽ ነው፣ ሁሉም በሱ ቢጽፍ ኖሮ ችግር አይኖርም ነበር አለ። ልክ ነው። ግን ተማሪው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ወረቀት ነው እንጂ ደረጃ አይደለም።

ፕሪንተሩን ባጭሩ ልለፈው። ርካሽ ከሚባሉት ሌዘሮች ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ ገጹን የሚያዘጋጅላቸው ኮምፒውተሩ ነው፣ ያለ ትክክለኛው ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር ከሚያግባባው ፕሮግራም ውጭ፣ አንድ መስመር አያትሙም። ቴክኒሻኑ ሊኑክሱ ላይ ሁለት ቅዳሜ ታገለው፣ ሳይሆን ቀረ። ስለዚህ ሁሉም ሕትመት በዚያች ባልተነካችው ዊንዶውስ በኩል ይወጣ ነበር። ወረፋው በሩን አልፎ ወጣ።

ፎርማት

ከሦስቱ አንዱ ወደ ዊንዶውስ የተመለሰው በውሳኔ አልነበረም። በዚያው የሪሰርች ሰሞን አንድ ጠዋት አንደኛው ሊኑክስ አልነሳ አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ብቻ። ቴክኒሻኑ ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ስልኩ ዝግ ነው። ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ናት፣ ሩቅ አይደለችም፣ ግን ሰው ፈረቃውን ትቶ አይመጣም። ባለቤቷ ጎረቤት ያለ ሞባይልና ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ጠራች።

ልጁ ሊኑክስ አይቶ አያውቅም። የሚያውቀውን አደረገ፦ ፎርማት። የዊንዶውስ መጫኛ የሊኑክስን የዲስክ ክፍል አይቶ ውስጡ ምን እንዳለ አያነብም፣ ስም የሌለው ክፍል አድርጎ ነው የሚያሳየው። ልጁ ባዶ መሰለው፣ ሁሉንም ሰርዞ አንድ አደረገው። ከሰዓት በፊት ዊንዶውስ 10 ከነፓወር ግዕዙ ተጭኖ ጸሐፊዋ እየጻፈችበት ነበር። እዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የነበሩ ጥቂት የውል ናሙናዎች ጠፉ። የቀሩት በባለቤቷ ፍላሽ ላይ ነበሩ።

ቴክኒሻኑ ቅዳሜ መጥቶ ሲያይ ተናደደ። ባለቤቷ ግን አልተናደደችም። "ልጄ፣ እሱ በሁለት ሰዓት ጨርሶልኛል" አለችው።

እኔ ከዚህ ጉዳይ ውስጥ በጣም የምመዝነው ይሄንን ነው። ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲወራ ስለ ከርነሉ (ስለ ሲስተሙ እምብርት)፣ ስለ ደህንነቱ፣ ስለ ፍጥነቱ ይወራል። ሲበላሽ ማን በእግሩ ደርሶ ያነሳዋል የሚለውን ማንም አይጠይቅም። ደሴ ላይ ዊንዶውስ የሚጭን ልጅ በየመቶ ሜትሩ አለ፣ መጫኛውም በኪሱ ፍላሽ ላይ ነው። ሊኑክስ የሚያውቀው ሰው ግን ለዚህ ቤት አንድ ነው፣ እሱም ቅዳሜ ብቻ።

ኢንተርኔቱም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለብዙ ወራት ነው የጠፋው። በዚያ ጊዜ ዊንዶውስ ላይ የሚያስፈልገው ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ይዞር ነበር። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚመጣው በአብዛኛው ከኢንተርኔት ማከማቻ ነው። ያለ ኢንተርኔትም ይቻላል፣ ግን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ተመልሰን እዚያው።

በሌላ በኩል "ሊኑክስ ለእኛ አይሆንም" የሚሉት አያሳምኑኝም። ቤቱ የሚመጡት ደንበኞች ብዙዎቹ አንድሮይድ ስልክ ይዘው ነው የሚመጡት። አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ማንም ስለ ከርነሉ ብሎ አልገዛውም፣ ማንም ስለ ከርነሉ ብሎ አልተወውም። ቴሌግራም ይሠራል፣ አማርኛ ይጽፋል፣ ሲበላሽ የሚጠግን አለ። የተለመደው በዚያ ነው።

ሁለት በሁለት

ፎርማት የተደረገውን ወደ ሊኑክስ መመለስ ማንም አላነሳም። ይልቅ ቴክኒሻኑ የቀሩትን ሁለቱን ምን ላይ እንደሚያስቀምጥ ማሰብ ጀመረ። ይሄን ጊዜ ነው ጎበዝነቱ የታየኝ።

አንደኛው ሊኑክስ በሩ አጠገብ ባንኮኒው ላይ ወጣ። የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይሰካል። የተደበቀው ይወጣል፣ ቆሻሻው ይሰረዛል። ንጹሑ ፋይል በውስጥ ኔትወርክ ወዳለ አንድ የጋራ ፎልደር ይገባል፣ ጸሐፊዋ ከዚያ ትወስዳለች። በቴሌግራምና በኢሜይል የሚመጣውም በዚሁ በኩል ነው። ሁለተኛው ሊኑክስ ኦንላይን ፎርም ለሚሞሉና ለሥራ ለሚያመለክቱ ደንበኞች ተተወ። እዚያ ላይ የሚከፈተው ብሮውዘር ብቻ ነው። ብሮውዘር ደግሞ የትም ቦታ ያው ብሮውዘር ነው፣ ደንበኛው ሲስተሙ ምን እንደሆነ እንኳ አይጠይቅም።

ሁለቱ ዊንዶውሶች ወደ ውስጥ ገቡ። ሥራቸው መጻፍና ማተም ብቻ ነው። ወደ ኢንተርኔት መውጫ የላቸውም፣ የደንበኛ ፍላሽም አይሰካባቸውም። ጥቅምት 2018 መጥቶ የዊንዶውስ 10 ማስተካከያ ሲቆም ቤቱ ውስጥ የተለወጠ ነገር አልነበረም። አደጋ የለውም ማለት አይደለም። በወርድ ፋይል ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ ማክሮ፣ ማለትም ፋይሉ ሲከፈት የሚነሳ ትንሽ ፕሮግራም፣ በጋራ ፎልደሩ ሊያልፍ ይችላል። ቴክኒሻኑ ሁለቱም ላይ ማክሮ ዘግቷል፣ ጸሐፊዋም "ኢኔብል" የሚል ቢጫ መስመር ካየች እንዳትነካው ተነግሯታል።

ሊኑክስ የተሻለው ላይ ሊኑክስ ተቀመጠ፣ ጣትና ፋይል የሚያስገድዱበት ላይ ዊንዶውስ ቆየ። አንዳንድ የሊኑክስ ወዳጆች ይሄንን ሽንፈት ይሉታል። ለእኔ አይደለም። ቤቱ በፊት ሲስተሙ ላይ ሥራውን ይጭን ነበር። አሁን መጀመሪያ የሚታየው ሥራው ነው።

የሚቀር ነገር አለ። ባለቤቷ ከሚመጣው የሪሰርች ወቅት ገቢ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ልትገዛ አስባለች። ቴክኒሻኑ ደግሞ ያን ጎረቤት ልጅ ሊኑክስ እያስተማረው ነው፣ የመጀመሪያው ትምህርት ስም የሌለው የዲስክ ክፍል ባዶ እንዳልሆነ ነበር። በድሮ ፎንት የተጻፉትን የቤቱን ናሙናዎች ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራምም ጽፏል። ፕሮግራሙ ፊደሉን ይቀይራል፣ አንዳንድ ሥርዓተ ነጥብና ሰንጠረዥ ግን ያበላሻል፣ ስለዚህ የሰው ዓይን ይፈልጋል። የኪራይና የሽያጭ ውሎቹ አልቀዋል። የውክልናዎቹ ቀርተዋል፣ ጸሐፊዋ ሥራ ሲቀዘቅዝ እየከፈተች ታርማቸዋለች።